የሁለተኛው እሑድ አሥራ ዘጠኝ ደቂቃ

ይድረስ ለወንድም ጋሼ፣

ለጤናህ እንዴት ነህ? ወገብህስ ተሻለህ? አዲሱ ቤትህ ፀሐይ ያገኛል ወይ? ልጆቹስ፣ እናታቸውስ ደህና ናቸው? እማዬ ብርድ እንዳይመታው፣ ከውስጥ ደርቦ ይልበስ በይልኝ ብላለች፤ ይኸው ብያለሁ። የእሷ ሳል ቀለል ብሏል፤ የሚያስቸግራት ጠዋት ጠዋት ብቻ ነው። እኔም አካሌ ደህና ነው። ሌላውን ወደ ታች ስትወርድ ታገኘዋለህ። ስለዚህ ቁጭ ብለህ አንብበው። በር ላይ ቆመህ፣ ሰው እየጠራህ የምታነበው ደብዳቤ አይደለም።

ደብዳቤህ ደርሶኛል። በየሳምንቱ አንድ ሻማ እየጨመርን የጌታን መምጣት ከምንጠብቅባቸው አራት እሑዶች በመጨረሻው እጅ ሊጫንብህ፣ የማኅበሩ ሽማግሌ ልትሆን መሆኑን ለእማዬ ጮክ ብዬ አነበብኩላት። አለቀሰች። ከዚያ መስኮቱን ከፍታ ለጎረቤት ተናገረች፤ በጆሮዋ ብዙ የማትሰማው ሴትዮ ሳትቀር ሰማች። በልጅነትህ አንሶላ ለብሰህ አልጋ ላይ ቆመህ ስትሰብክ እንደነበር አንስታ ሳቀች። ምእመንህ እኔ ብቻ ነበርኩ። እንቅልፍ ሲወስደኝ በኩርኩም ትቀሰቅሰኝ ነበር። "ቄሱ" ያልንህ ያኔ ነው፤ ስሙም እንደ ልብስ ልክህ ሆኖ ቀረ።

ደብዳቤህን ካነበብኩላት በኋላ ብቻዬን ደግሜ አነበብኩት። አንድ ቦታ ላይ ዓይኔ ቆመ። አራተኛውን ሻማ አንቺ እንድታበሪው እፈልጋለሁ፣ ከዚያ ሁሉ ጨለማ እንደወጣሽ ሰው ሁሉ ይይልኝ ብለሃል። "ከዚያ ሁሉ ጨለማ" ብለህ ጻፍክ፣ ወንድም ጋሼ። እጅህ አልተንቀጠቀጠም? ጽሑፍህን ወደ መስኮት አስጠግቼ አየሁት። እንደ ወትሮው ቀጥ ያለ፣ የሚያምር ነው።

ስለኔ ጠይቀሃልና ልንገርህ። አሁንም ፓምፕ ጥገናው ቤት ነኝ። አለቃዬ "መሐንዲሷ" እያለ ይጠራኛል፤ መጀመሪያ ሊያሾፍብኝ ነበር፣ አሁን ለደንበኛ ሲያስተዋውቀኝም እንደዚያው ነው። ውሃ መሳቢያቸው የተበላሸባቸው ሰዎች ይመጡና ከኔ ትከሻ በላይ አሻግረው እያዩ ሠራተኛው የት ሄደ ይላሉ። ከፊታችሁ ቆሟል እላቸዋለሁ። መብራቱ እንደምታውቀው ነው፣ አንድ ቀን ይመጣል፣ ሦስት ቀን ይጠፋል። ጦርነቱ ገና ሩቅ ነው ይባላል፤ ወሬው ግን በየሳምንቱ አንድ ከተማ እየዘለለ ይቀርባል። ሰው ዳቦ ቤት ተሰልፎ የሚያወራው ስለ ሻማ ነው፤ የትኛው ሱቅ ጋ እንደቀረ፣ የትኛው ቶሎ እንደሚያልቅ።

አሁን ወደ ነገሬ ልግባ።

ከመጀመሪያው እሑድ በፊት በነበረው ቅዳሜ እማዬ ወገቧን የምታስደግፍበት ትራስ አማራት። ጥለኸው የሄድከውን ሰማያዊ የሥራ ካፖርት አወጣችና ፍቺልኝ፣ ገበሩ ገና ጥሩ ነው አለችኝ። ምላጭ ይዤ በር ላይ ተቀመጥኩ። ስትገዛው ጀምሮ ቀኝ ኪሱ ቀዳዳ እንደነበረው ታውቃለህ፤ ስንት ጊዜ ልስፋልህ ብዬህ ነገ ብለህ አለፍከው። ወደ ታችኛው ጠርዝ ስደርስ በጨርቁና በገበሩ መሀል ጠንካራ ነገር ነካኝ። ፈታሁት። መለያው ነበር።

አንተ ታውቀዋለህ። ግን በኔ እጅ ተጽፎ እንድታየው ስለምፈልግ ከሥሩ እጽፈዋለሁ። አብረን በሠራንበት ሆስፒታል ጄኔሬተር ቤት ሁለት ታንከር አለ፣ ትልቁ ውጭ፣ ትንሹ ከሞተሩ በላይ። ናፍጣው ከትልቁ ወደ ትንሹ ሲመጣ በማጣሪያው፣ በፊልትሮው ያልፋል። ናፍጣው ውሃ ስለሚኖረው ፊልትሮውን በየፈረቃው እናራግፈዋለን፤ ለማራገፍ ደግሞ መጀመሪያ ከትልቁ ታንከር የሚመጣውን ናፍጣ የሚያቆመውን ቫልቭ መዝጋት ነው። ቫልቩ ተዘግቶም ሞተሩ በትንሹ ታንከር ላይ ባለው ናፍጣ ሃምሳ ደቂቃ ያህል ይሠራል። አደጋው ይኼ ነው። ዘግተህ ብትረሳው ማንም አያውቅም፤ መብራቱ ቦግ እንዳለ ነው፣ ሞተሩም እንደ ጤነኛ ይጮኻል።

ለዚህ ነው ያን ደንብ ያወጣኸው። ከወተት ዱቄት ቆርቆሮ ቆርጠህ፣ ቀይ ቀብተህ፣ ከቫልቩ በላይ ምስማር ላይ ሰቀልከው። ቫልቩን የዘጋ ሰው መለያውን አንስቶ ኪሱ ይከታል፤ ሲከፍት ይመልሰዋል። ምስማሩ ባዶ ከሆነ ቫልቩ ዝግ ነው። ሥራ ያስገባኸኝ ቀን መጀመሪያ ያስተማርከኝ ይህን ነው፣ ስለ ሞተሩ እንኳ ገና ሳትነግረኝ። ፈረቃ ስትረከቢ ሰውን አትመኚ፣ ምስማሩን እዪ አልከኝ።

ካፖርትህ ውስጥ ያገኘሁት የመጀመሪያው መለያ ነው። ጀርባው ላይ የቆርቆሮው ጽሑፍ ግማሹ ይነበባል። ቀዳዳው በምስማር የተበሳ፣ ጠማማ ነው። ጫፉን እኔ ነኝ የዘይት ጣሳ ልከፍትበት ብዬ ያጣመምኩት፤ ተቆጥተኸኝ ሁለት ቀን አኩርፈኸኝ ነበር።

ያን ቀን አስታውስ። ባለፈው ዓመት፣ ሁለተኛው እሑድ። አንተ የጠዋት ፈረቃ ነበርክ፤ እኔ አሥር ሰዓት ተኩል ላይ ካንተ ተረከብኩ። በሆስፒታሉ ጸሎት ክፍል ሁለተኛው ሻማ የሚበራው አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ነበር፣ የነቢዩን ቃል የምታነበውም አንተ ነበርክ። መጽሐፉን በብብትህ ይዘህ በር ላይ አገኘሁህ። ሁሉም ሰላም ነው፣ ፊልትሮውን አንቺ ስትደርሺ ታራግፊዋለሽ አልከኝና ሮጥክ።

ምስማሩን አላየሁም። ይህ የኔ ድርሻ ነው፤ ማንም አይወስድልኝም፣ እኔም ላንተ አልሰጥህም። ሌላ ሰው ቢያስረክበኝ ኖሮ አይ ነበር። አንተ ስለሆንክ አላየሁም።

ወደ መብራት ማከፋፈያው ክፍል ሄድኩ፤ የልብስ አጠባውን መስመር ላቋርጥ። ከጓሮው ማዶ ሆኜ የሞተሩ ድምፅ ሲሰበር ሰማሁ። አንዴ ሳል አለ፣ ሁለተኛ ሳል አለ፣ ከዚያ ዝም። በዚያ ወቅት ቶሎ ነው የሚመሸው፤ ሆስፒታሉ ሁሉ ባንድ ጊዜ ጠቆረ። እየሮጥኩ ስደርስ አንተ ቀድመኸኝ ነበር፣ የጸሎት ክፍሉ ቅርብ ስለሆነ። ባትሪህን በጥርስህ ይዘሃል፣ እጅህ ቫልቩ ላይ ነው። ባትሪውን ከአፍህ አውጥተህ አንድ ነገር አልከኝ። "ዝግ ነው። ዘግተሽው ረስተሽዋል።"

እኔም አመንኩህ። እንዴት አላምን? በየፈረቃው የምዘጋው እኔ ነኝ፤ እጄ ያለ እኔ የሚሠራው ሥራ ነው። ያን ሳምንት የታመመችውን ባልደረባችንን ተክቼ ድርብ ፈረቃ ስሠራ ነበር የሰነበትኩት። መዝጋቴን ለማስታወስ ሞከርኩ፤ ስሞክር ትዝ ያለኝ መሰለኝ። ዓመቱን ሙሉ እጄ ያን ቫልቭ ሲዘጋ አየው ነበር፣ ወንድም ጋሼ። ያልሆነ ነገር፣ እስከ ብረቱ ቅዝቃዜ ድረስ።

ናፍጣ ያለቀበት ሞተር ቫልቭ ስለከፈትክለት አይነሳም። አየሩን ከቧንቧው ማስወጣት አለብህ። አንተ እየፈታህ እኔ በእጅ ፓምፑ እየገፋሁ፣ አሥራ ዘጠኝ ደቂቃ። በመሀል ሁለት ጊዜ ኪስህን ስትዳብስ አይቼሃለሁ። ክብሪት የምትፈልግ መስሎኝ ነበር።

ላይ፣ ጨቅላዎቹ ክፍል፣ በመብራት በሚሠራ ማሞቂያ ውስጥ አራት ሕፃናት ነበሩ። "ጄኔራሏ" የምንላት ዋና ነርስ ሦስት ነርሶች ጠርታ ልብሳቸውን አስከፍታ ሕፃናቱን ደረታቸው ላይ አስተኛች፤ አራተኛዋን ራሷ ያዘች። አንዷ ነርስ ከጸሎት ክፍሉ የበራውን ሻማ ይዛ ወጣች ይባላል፤ በእሱ ብርሃን ነው የሠሩት። ሦስቱ ተረፉ። ጄኔራሏ የያዘቻት አልተረፈችም። የስምንት ቀን ልጅ ነበረች፣ ስም አልወጣላትም ነበር። ሐኪሙ መብራቱ ባይጠፋም ላትተርፍ ትችል ነበር ብሏል። ይህን የተናገረው ከአራት ወር በኋላ ነው፤ እኔ ያን ጊዜ መስማት ትቼ ነበር።

መርማሪዎቹ ሲጠሩን አንተ ቀድመህ ገባህ። የተናገርከውን በኋላ ጸሐፊዋ ነገረችኝ። ቫልቩን ክፍት አድርጌ ነው ያስረከብኩት፣ እህቴ ግን ጎበዝ ሠራተኛ ናት፣ ደክሟት ነበር፣ እዘኑላት አልክ። ያኔ ይህን ስሰማ አለቀስኩ፤ ወንድሜ እንዲህ ይቆምልኛል ብዬ። ዛሬ ሳስበው የሚያመኝ ውሸቱ አይደለም። "እዘኑላት" ያልከው ነው።

ላንተ ማምለጫ ፈልጌልህ ነበር፤ አትሳሳት። መለያውን ይዤ በሩ ላይ ቁጭ ብዬ፣ ምናልባት አያውቅም ብዬ አሰብኩ። ኪሱ ቀዳዳ ነው፣ ገበሩ ውስጥ ገባ፣ እሱም እንደኔው ረሳው፣ እኔ የዘጋሁት መስሎት ነው አልኩ። ያን ቀን ከሰዓት በኋላ ሁሉ በዚህ አሳብ ስሞቅ ዋልኩ። ከዚያ ግን የዚያ እሑድ ማግስት፣ ሰኞው ትዝ አለኝ። ከሥራ ተሰናብቼ ዕቃዬን ልወስድ ስመጣ ምስማሩ ላይ መለያ ነበር። ቀይ፣ አዲስ። ቀዳዳው በመሰርሰሪያ የተበሳ፣ ክብ። ነካሁት፤ ቀለሙ ገና አልደረቀም ነበር፣ አውራ ጣቴ ላይ ቀረ። ለምርመራው ብለው አሳምረው የሠሩት መሰለኝና ጣቴን ቀሚሴ ላይ ጠርጌ ወጣሁ። ያን ቀለም የያዘ ብሩሽ በዚያ ሆስፒታል ውስጥ ያንተ ሣጥን ውስጥ ብቻ ነበር።

እኔ የዘጋሁት መስሎህ ቢሆን መለያውን ከኔ ኪስ ትጠይቅ ነበር እንጂ አዲስ አትሠራም ነበር። ስለዚህ ታውቅ ነበር። ከመጀመሪያዋ ደቂቃ ጀምሮ።

እንደዚህ ስጽፍልህ የተናደድኩ ይመስልሃል። ንዴት እንኳ አንዳንዴ ነው የሚመጣልኝ። ብዙውን ጊዜ ያለሁበት ሌላ ቦታ ነው፤ ቤቴ ገብቼ የቤት ዕቃው ሁሉ ያለ ቦታው የተቀመጠ ያህል ነው። የትኛውን ልንካ? ያን ዓመት ሙሉ ያደረግክልኝ ደግነት ሁሉ አለ አይደል? እሱን የት ላስቀምጠው? እንቅልፍ ሲያጣኝ ቤታችን ድረስ እየመጣህ ከኔ ጋር ተንበርክከህ ነበር። ራሴ ላይ እጅህን ጭነህ ተሰርዮልሻል፣ እግዚአብሔር በደልሽን አያስብም አልከኝ። በማን በደል ነው የጸለይክልኝ? በሦስተኛው እሑድ፣ በአራተኛው እሑድ፣ ክንዴን ይዘህ ወደ ጸሎት ክፍሉ ወስደህ ሻማውን ስታስበራኝ፣ ያ ሁሉ ሰው እኔን ሲያይ፣ አንተ አጠገቤ ቆመህ ምን ታስብ ነበር? እኔ የማስበውን ልንገርህ። ወንድሜ ባይኖረኝ ኖሮ ሞቼ ነበር እያልኩ አስብ ነበር።

ለምን እንዳደረግከው አውቃለሁ። ሚስትህ አራስ ነበረች፣ ትልቋ ልጅህ ትምህርት ልትጀምር ነበር። እኔ ደግሞ ብቻዬን ነኝ፤ ብወድቅ የሚወድቀው አንድ ሰው ነው። ብትጠይቀኝ ኖሮ እሺ እልህ ነበር። በዚያው ምሽት፣ እጃችን በናፍጣ እንደተነከረ፣ እህቴ ልጆች አሉኝ፣ ይህን ያዢልኝ ብትለኝ ያለ አንድ ቃል እይዝልህ ነበር። ሥራውም ይቅር፣ ስሜም ይጥፋ። ዓይኔን ገልጬ እሸከመው ነበር። አንተ ግን ዓይኔን ጨፍነህ አሸከምከኝ፤ ሬሳው ያንቺ ነው ብለህ።

አሁን ስለማታውቀው ሰው ልጻፍልህ፤ ስለ ሕፃኗ እናት። አንድም ቀን አልጠየቅከኝም፣ እኔም አልነገርኩህም። ልብስ ሰፊ ናት፤ አምስተኛ ፎቅ ነው የምትኖረው። ባሏ ወደ ጦር ግንባር ሄዶ ወሬው ከጠፋ ሁለተኛ ዓመቱ ነው። ያቺ ልጅ ከእሱ የቀረቻት ብቻ ነበረች። ከሥራ በወጣሁ በሦስተኛው ሳምንት አድራሻዋን ከጄኔራሏ ለምኜ ሄድኩ። ማን እንደሆንኩ ነገርኳት። በሩን ዘጋችው። መብራት ስለሌለ ሊፍቱም የውሃ መሳቢያውም አይሠራም፤ ሰው ውሃ ከታች በጀሪካን ነው የሚያወጣው። በሚቀጥለው ቅዳሜ ሁለት ጀሪካን ሞልቼ በሯ ላይ አስቀምጬ ተመለስኩ። በሚቀጥለውም። በሦስተኛው፣ በሩ ተከፍቶ ባዶዎቹን ጀሪካኖች ወደ ውጭ ገፋቻቸው። አላየችኝም።

በአምስተኛው ወር ነው ግቢ ያለችኝ። ማሽኗ ሲንኳኳ ሰምቼ ዘይት ይፈልጋል አልኳት፤ ዘይት ቀባሁላት። ከዚያ በኋላ ቅዳሜ ቅዳሜ አብሬያት እቀመጣለሁ። እሷ ትሰፋለች፣ እኔ ቁልፍ እተክላለሁ፤ የኔን ቁልፎች በኋላ ፈታ ደግማ ትተክላቸዋለች፣ የማላውቅ ይመስላታል። ስለ ልጇ ብዙ አናወራም። አንድ ጊዜ ብቻ ፀጉሯ ብዙ እንደነበር ነገረችኝ።

መለያውን ካገኘሁ ማግስት፣ በመጀመሪያው እሑድ፣ ወደ ሠፈራችን ጸሎት ቤት ሄድኩ። ከተማው ጨልሞ፣ ሰው ኮቱን ለብሶ ተቀምጦ፣ አንድ ሻማ ብቻ ሊበራ። የጸሎት ቤቱ አረጋዊት ማብሪያዋን ለኔ ዘረጋችልኝ፤ አምና የደረሰብኝን ስለምታውቅ ነው፣ ልታጽናናኝ። ተቀብዬ መለስኩላት። እጄ አልታዘዘኝም። ብርሃኑን የጠላሁት እንዳይመስልህ። አምና ያበራሁት ሻማ ሁሉ ውሸት የነበረ መሰለኝ፤ እሳቱም እኔም።

ሁለተኛው እሑድ የሕፃኗ ሙት ዓመት ነበር። ልብስ ሰፊዋ ነይ ብላኝ ነበርና ሄድኩ። ጠረጴዛው ላይ የጣሳ ክዳን አስቀምጣ አራት ቁርጥራጭ ሻማ አቁማበታለች፤ ደንበኞቿ ጨርቅ ሲያመጡ ያስቀሩላትን ነው። ከሰዓት በኋላ ነበር፣ ግን ሰማዩ ጠቁሮ ቤቱ ጨልሟል። አንዱን አበራች። ሁለተኛውን ስታበራ ለልጄ ነው አለች። ከዚያ መርፌዋን አስቀመጠችና ፊቴን አየችኝ። የተናገረችውን ቃል በቃል ልጻፍልህ፣ እንዳልቀንስበት።

"እኔ ይቅር ብዬሻለሁ። ከዛሬ ጀምሮ ውሃ ብታመጪልኝ ስለወደድሽኝ ይሁን፤ ስለ ልጄ አይደለም።"

መለያው ኪሴ ውስጥ ነበር። ጣቴ ነክቶታል። ወንድም ጋሼ፣ በሕይወቴ ሙሉ ስጠብቀው የኖርኩት የሚመስለኝ ቃል መጣ፤ መጥቶም የኔ አልነበረም። አመሰግናለሁ ብል ሌባ ነኝ። እኔ አይደለሁም ብል አንተን አሳልፌ መስጠቴ ነው። አንገቴን ደፍቼ አለቀስኩ። እሷ ማልቀሴን አይታ ተነስታ ትከሻዬን ያዘችኝ። ልጇን ያጣች ሴት እኔን ታባብለኝ ጀመር።

ሻማዎቹ እስኪያልቁ ተቀመጥን። ስለ ጨለማ ስትሰብክ የሰማሁት ሁሉ ያን ጊዜ ትዝ አላለኝም፤ የቀረልኝ ያየሁት ብቻ ነው። ይቺ ሴት ባሏ የለ፣ ልጇ የለች፣ መብራት የለ፣ ማገዶ የለ። ግን ከዚህ ሁሉ ውስጥ ይቅርታ አወጣች። ከየት እንዳመጣችው አላውቅም። ከራሷ ቢሆን ባለፈው ዓመት ባለቀ ነበር። ጌታ ይመጣል ስንባል ኖረን፣ እኔ ሲመጣ ያየሁት ያን ቀን ነው፤ አምስተኛ ፎቅ ላይ፣ ጨርቅ በተከመረበት ክፍል ውስጥ። ይህንን እንኳ ልትወስድብኝ አልቻልክም።

ያ ይቅርታ ግን ያንተ ነው። አድራሻው ተሳስቶ እኔ ቤት የደረሰ ነው። እኔ ጋ ካስቀመጥኩት ይሻግታል፤ አንተም ሳታገኘው ትሸመግላለህ። እጅ ሲጫንብህ፣ ሰው ሁሉ ሲያጨበጭብልህ፣ በውስጥህ ያን ቫልቭ ስትዘጋው ትኖራለህ። እኔ አንድ ዓመት በውሸት ኖሬበታለሁ፣ ምን እንደሚመስል አውቃለሁ። አንተ በእውነት ነው የምትኖርበት። ይኼ የባሰ ነው። ስለዚህ ነው ለሆስፒታሉ ያልጻፍኩት፣ ለማኅበርህም ያልጻፍኩት። መለያውንም አብሬ አልላክሁትም፤ ማስፈራሪያ እንዳይመስልህ። እማዬም አልሰማችም፤ ትራሱን ጨርሼ ሰጥቻት ተደግፋበት ተኝታለች።

ወደ በዓልህ አልመጣም። ታምሜ ነው አልልህም፣ መንገዱ ተዘግቶ ነው አልልህም። ሻማህን የማበራበት እጅ የለኝም፤ ለጊዜው። ለጊዜው ያልኩትን አስምርበት። ወንድሜ ሆነህ ትቆያለህ፤ የምሄድበት ሌላ ወንድም የለኝም፣ የሞከርኩት እንዳይመስልህ። ግን ዳግመኛ በር ላይ ቆመህ ሁሉም ሰላም ነው እንዳትለኝ። ከዛሬ በኋላ ምስማሩን ነው የማየው።

አሁን ልጨርስ። ደብዳቤውን በፖስታ አላስገባሁትም፤ ሰው አግኝቼ በእጅ ላክሁት። ያመጣችልህ ሴት ሁለት ቀን በአውቶቡስ ተጉዛ ነው የደረሰችው፤ ወንበር ስጣት፣ ውሃም አጠጣት። ለዚህ ብላ ማሽኗን ሸፍና፣ የሰው ልብስ ሳይደርስ ትታ ነው የመጣችው። ደብዳቤውን አላነበበችም። ስላንተ የምታውቀው የኔ ወንድም መሆንህን ብቻ ነው፤ ወንድሜ በአፉ የሚነግርሽ ነገር አለው አልኳት፣ ለምን ብላ አልጠየቀችኝም። አንብበህ እስክትጨርስ እዚያው ትቀመጣለች። አትቸኩልም፤ መጠበቅ ታውቃለች።

እግዚአብሔር አፍህን ይክፈትልህ፣ ጉልበትህንም ያጽናልህ። ልጆችህን በዕድሜ ይባርክልህ፣ የሚስትህን ጓዳ አያጉድል። መጪው ልደት ከነቤተሰብህ በብርሃን ያግኝህ። እማዬ ግንባርህን ስማሃለች። ወረቀቱን አጥፈህ ስታስቀምጥ ቀና በልና እያት።

ታናሽ እህትህ